እስከ አላማጣ

ፍረወይኒ ስትደውልልኝ የሱቄን ቆርቆሮ በር ገና ግማሹን ነበር የከፈትኩት። "ሰዓዳ፣ እናቴ ዐረፈች" አለችኝ። መታመማቸውን አውቃለሁ፤ ሆስፒታል ተኝተው ጠይቄያቸዋለሁ፤ እንደማይነሡም ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ቃሉን ስሰማ በሩን መልሼ ዘጋሁና እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የመቐለው ቀዳማይ ወያነ ገበያ በዚያ ሰዓት ሰው እየሞላ ነው፤ የሚያልፈው ሁሉ "ሰዓዳ፣ ምን ሆንሽ?" ይለኛል። "አደይ ንግስቲ ሞቱ" እላለሁ። ያን ጊዜ የጠየቀኝ ሰው የያዘውን ዕቃ መሬት ያስቀምጣል። በዚህ ሰፈር አደይ ንግስቲ መድኃኒት ያልሸጡለት፣ ሸጠውም ያልተቆጡት ሰው የለም።

መድኃኒት ቤታቸው ከእኛ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ነው። ጠባብ ናት። አንድ የመስተዋት ባንኮኒ፣ ከኋላው እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ፣ ከፊቱ አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር፤ ሌላ ምንም የለም። አደይ ንግስቲ አጭር ስለነበሩ ከባንኮኒው በላይ የሚታየው የነጭ ጋዋናቸው አንገትጌና መነጽራቸው ብቻ ነው። ቆሞ መድኃኒት የሚገዛ ሰው አይወዱም። መጀመሪያ "ተቀመጥ" ይሉታል። "ቸኩያለሁ" ካላቸው "እንግዲያስ ሌላ ቤት ሂድ፣ እኔ ለቸኮለ ሰው አልሸጥም" ይሉትና ወደ ሌላው ሰው ይዞራሉ። ሲያጉረመርም ቆይቶ ይቀመጣል። ሁሉም በመጨረሻ ይቀመጥ ነበር።

ማንበብ ለማይችል ሰው የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይስሉለታል። ፀሐይ የጠዋቱ፣ ጨረቃ የማታው ነው። ይህን ሌሎች መድኃኒት ቤቶችም ያደርጉታል። የአደይ ንግስቲ ፀሐይ ግን ዓይንና አፍ አላት፤ ትስቃለች። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። "የታመመ ሰው ጠዋት ሲነሣ የሚስቅለት ነገር ይፈልጋል፣ ጓለይ" አሉኝ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሁሉ አደይ፣ ማለትም እናቴ፣ እላቸው ነበር። የወሎ ልጅ ነኝ፤ መቐለ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው፤ ትግርኛዬ እስከ ዛሬ ገበያተኛ ያስቃል። ስለዚህ ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነበር። ትግርኛው እንደ ልቡ እየገባ እየወጣ የሚጫወትበት አማርኛ ነው፤ አሁን ጆሮዬ ላይ የቀረው እሱ ነው።

ወደ እሳቸው ያደረሰኝ ፍርሃቴ ነው። ሰው እባብ ይፈራል፣ ጨለማ ይፈራል፣ ገደል ይፈራል፤ ይህን ሲናገር ማንም አይስቅበትም። እኔ የምፈራው ማስመለስን ነው። እኔን ቢያስመልሰኝ፣ አጠገቤ ያለውን ሰው ቢያስመልሰው፣ ድምፁ፣ ሽታው፣ "ሊያስመልሰኝ ነው" የሚለው ቃል እንኳ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ምክንያቱን አላውቀውም። ሰርግ ሄጄ ሥጋ አልነካም። ወተት ሳላሸት አልጠጣም፤ ባሌ "ሚስቴ እኮ ጉምሩክ ናት፣ ሳትፈትሽ ምንም አታሳልፍም" እያለ በጓደኞቹ ፊት ያሾፍብኛል። ልጃችን ስትታመም የሚያቅፋት እሱ ነው፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ፎጣ አቀብላለሁ። ያን ጊዜ አያሾፍም። ቦርሳዬ ውስጥ ከቁልፍና ከስልክ በፊት የሚገባው የማቅለሽለሽ ኪኒን ነበር። ሆዴ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ እውጣለሁ። ካልተንቀሳቀሰም እንዳይንቀሳቀስ ብዬ እውጣለሁ።

ኪኒኑን የምገዛው ከአደይ ንግስቲ ነው። ለራሴ ነው ማለት ስለማፍር በሄድኩ ቁጥር የምገዛው ለሌላ ሰው ነበር። አንዴ ለባሌ፣ አንዴ ለጎረቤት፣ አንዴ ከገጠር ለመጣች እንግዳ። እሳቸው ከመነጽራቸው በላይ ያዩኝና ይሰጡኛል። አንድ ቀን ግን ኪኒን የሚቆርጡበትን መቀስ አስቀመጡ።

"እንታይ ዓይነት ሰፈር ነው ያላችሁት?" አሉኝ። "አንድም ሆዱ ደህና የሆነ ሰው የለም?"

"የለም አደይ" አልኩ።

"ውሃው ነዋ።"

"ውሃው ይመስለኛል።"

"እግርሽስ? እሱም ውሃው ነው?"

እግሬን አየሁት። ተቀምጬ ሳለ ይወዛወዛል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ እንዲያ ሆኜ ነበር፤ መቀመጥ አልችልም፣ ጋደም ማለት አልችልም፣ ውስጤ የሆነ ነገር ተነሺ ተነሺ ይለኛል። ሐሳብ ያመጣብኝ መስሎኝ ነበር። አደይ ንግስቲ ባንኮኒውን ዞረው መጡና አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። በሩንም ገፋ አደረጉት።

"ይሄ ኪኒን ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። ሐቁን ንገሪኝ፣ ጓለይ። አንቺ ነሽ የምትውጪው?"

ነገርኳቸው። ከዚያም ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ወተቱ፣ በር ላይ ቆሜ ስለማቀብለው ፎጣ። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ አልሳቁም። "ኣጆኺ" አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም፣ "ይሄ ኪኒን የሆድ ነው። ሆድሽ ደግሞ ምንም አልሆነም። የታመመው ሌላ ነው፤ ለእሱ ይህን መሸጥ አልችልም" አሉ።

እውነቴን ነው፣ ያን ሰዓት ጠላኋቸው። መድኃኒት ቤት የሞላበት ከተማ ነው፤ ሌላ ጋ ሄጄ መግዛት እችል ነበር። ተነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። ከእሽጉ አንዲት ኪኒን በመቀስ ቆርጠው ፖስታ ውስጥ አደረጉልኝ። "ይቺን በቦርሳሽ ያዢያት። የምትውጫት ከልብሽ ሲያምሽ ነው። ፍርሃት ሲሆን ግን እኔ ጋ መጥተሽ ተቀመጪ" አሉኝ። ሐኪም ዘንድ የላኩኝም እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲሰማኝ ቆየና ይህ ፍርሃት ስም ያለው፣ ብዙ ሰው የሚሠቃይበት፣ ጥቂት በጥቂት በመለማመድ የሚሻል ነገር መሆኑን ነገረኝ። ብዙ ሰው አለበት ሲለኝ አለቀስኩ። እኔ ብቻዬን የተበላሸሁ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ በኋላ አግዳሚዋ የእኔ ሆነች። ገበያ ሲቀዘቅዝ እሄዳለሁ፤ ልቤ ሲመታብኝ እሄዳለሁ። አደይ ንግስቲ ስለመጣሁ ሥራቸውን አያቆሙም። "መጣ?" ይሉኛል ቀና ሳይሉ፤ ፍርሃቱን ነው።

"መጥቷል።"

"ይቀመጣ፣ ቦታ አለ።"

እንዲህ ሲሉ እሱም እንደ ሌላው ደንበኛ ወረፋ የሚጠብቅ ይመስለኛል፤ ጥቂት ቆይቶም ይሄዳል።

መድኃኒት ቤት ነውና ሆዱን የሚገለባብጠውም ሰው ይመጣል። ፊቱ የገረጣ፣ አፉን በነጠላ የሸፈነ ሰው በር ላይ ሲታይ አደይ ንግስቲ የጣታቸውን ቀለበት የባንኮኒው መስተዋት ላይ ኳ ኳ ያደርጉታል። ለእኔ ነው፤ ውጪ ማለት ነው። ማንም ሳያውቅብኝ ተነሥቼ እወጣና ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሰውየው እስኪሄድ እጠብቃለሁ። እያደር መንገዱን መሻገር ትቼ በር ላይ መቆም ጀመርኩ። እያደር ደግሞ ቀለበቱ ሲንኳኳ ከወንበሩ አልነሣም፤ ዓይኔን መደርደሪያው ላይ ተክዬ ትንፋሼን እይዛለሁ። እሳቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ በሽተኛው ከወጣ በኋላ፣ "ዛሬ እኮ አንኳኩቻለሁ" አሉኝ። "ሰምቻለሁ" አልኳቸው።

በዚህ መካከል መንገዱ ተከፈተ። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱም ስልኩም ሲዘጋ እናቴ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ እኔ መቐለ ተለያይተን ቀረን። ያኔ እንደ ሰው ሁሉ አለቀስኩ። ስልኩ መጥቶ ድምፅዋን ስሰማ እንደ ሰው ሁሉ እልል አልኩ። መንገዱ ሲከፈት ግን ሰው ሁሉ ወደ መናኸሪያ ሲሮጥ እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ። ወደ ወሎ የሚሄደው አውቶቡስ እምባ አላጀን ይወጣል፤ ኮረምን ካለፈ በኋላ ደግሞ በግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ አላማጣ ይወርዳል። ረዳቱ ገና ሳይነሣ ለተሳፋሪው ጥቁር ፌስታል ያድላል፤ ለምን እንደታደለ ኮረምን ሲያልፉ ይታወቃል። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ያን መንገድ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩበትም። ከጦርነቱ በፊት እናቴ ነበረች የምትመጣው።

"ሰዓዳዬ፣ መንገዱ ተከፍቷል አሉ" ትለኛለች በስልክ።

"አዎ እማ።"

"ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ እንጂ እመጣ ነበር።"

"አውቃለሁ እማ።"

"አላህ ካለ እንገናኛለን" ትላለች ከዚያ። መቼ ትመጪያለሽ ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ፍርሃቴን ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት፤ እንዳልጨነቅ ብላ ናፍቆቷን ትውጠዋለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ እያልኩ ሳላያት ትሞትብኛለች የሚለው ሐሳብ ሥራ አላሠራኝ አለ።

ይህን ለአደይ ንግስቲ ስነግራቸው የያዙትን ብልቃጥ አስቀመጡ። "እንግዲህ ትሄጃለሽ" አሉ።

"አልችልም።"

"ብቻሽን አትችይም። እኔ እኮ አላማጣ እህት አለችኝ፤ እሄዳለሁ እሄዳለሁ ስል ሳልሄድ ቀርቻለሁ። አብረን እንወርዳለን። ከአላማጣ ወዲያ ብዙው ሜዳ ነው፤ እሱን ትችይዋለሽ።"

ቦርሳዬን ከፍቼ ያችን አንዲት ኪኒን አወጣሁና "ይቺን ልዋጣታ?" አልኳቸው። ፖስታዋ ከመሸከም ብዛት ጠርዟ ተበልቷል። አይተዋት ሳቁ። "ይቺ ለመኪና አትሆንም፣ ጓለይ። የመኪና ሌላ ነው። ይኸን ሁሉ ዘመን የተሸከምሻት ለመንገድ የማትሆነውን ነው" አሉኝ። አበሳጨኝም፣ አሳቀኝም። የመኪናውን አውጥተው ሰጡኝ። "ከመሳፈርሽ ቀደም ብለሽ፣ ቤትሽ ሳለሽ ነው የምትውጪው። መኪናው ከተነሣ በኋላ ምን ይሠራልሻል? አንድ ብቻ። እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል፣ አትደንግጪ።" ማንበብ እንደምችል እያወቁ ፖስታው ላይ የምትስቀዋን ፀሐይ ሳሉልኝ፤ ከሥሯም ጎማ ያለው ነገር ሞነጫጨሩ። አውቶቡስ መሆኑን ራሳቸው ነገሩኝ።

መናኸሪያ የመጡት ነጠላቸውን ለብሰው፣ አንዲት ዘንቢል ይዘው ነው። ያለ ጋዋን አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ በጣም ትንሽ ሴት ሆኑብኝ። እሳቸው መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥን። ረዳቱ ፌስታል ሲያድል የእኔንም ተቀበሉልኝና አጣጥፈው መዳፋቸው ውስጥ ደበቁት። "ካልጠየቅሽኝ አላሳይሽም" አሉኝ። መንገዱን በሙሉ ስለ ደንበኞቻቸው እያወሩ አሳቁኝ። ለጆሮው የሰጡትን ጠብታ በሻይ ስለጠጣው ሰውዬ ሲነግሩኝ፣ ጣዕሙ አልተስማማኝም ብሎ ሊመልስላቸው እንደመጣ ሲነግሩኝ፣ እምባ አላጀ ከኋላችን ቀርቷል። ማይጨውንም አለፍን። ኮረም ስንደርስ ግን ወሬያቸውን አቆሙ። የደከማቸው መሰለኝ።

ቁልቁለቱ ተጀመረ። አውቶቡሱ ወደ ግራ ይጋደማል፣ ወደ ቀኝ ይጋደማል። ከኋላ ሕፃን አለቀሰ፤ አንድ ሰው መስኮት ክፈቱ አለ። ሆዴን አዳምጣለሁ። ሆዴ ዝም ብሏል። ያን ጊዜ ከመስኮቱ መስተዋት ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ቀለበቱ ነው።

የታመመው የትኛው ሰው ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንንም አላየሁም። ወደ አደይ ንግስቲ ስመለስ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። ለእኔ አጣጥፈው የያዙትን ፌስታል እየዘረጉ ነው።

"ጓለይ፣ ወደዚያ ዙሪ" አሉኝ።

የት እዞራለሁ? ከአውቶቡስ ወርጄ ከመንገዱ ማዶ ልቁም? ቀጥሎ ያደረግኩትን አስቤበት አላደረግኩትም። ልጅ ሳለሁ ሲያስመልሰኝ እናቴ ግንባሬን በመዳፏ ትይዝልኝ ነበር፤ እጄ እሱን ያስታወሰ ይመስለኛል። አንዱን እጄን ጀርባቸው ላይ፣ አንዱን ግንባራቸው ላይ አደረግኩ። ግንባራቸው ቀዝቅዟል፤ የራሳቸውን ክብደት በሙሉ መዳፌ ላይ ጣሉት። አስመለሳቸው። አጠገቤ፣ ድምፁን እየሰማሁ፣ ሽታው እየሸተተኝ። እጄን ግን አላነሣሁም።

ከዚያ አለቀ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ያልቃል። አደይ ንግስቲ ፌስታሉን ቋጠሩ፣ በውሃ ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጥቂት ዐረፍ ብለው ከዘንቢላቸው ሙዝ አወጡና መላጥ ጀመሩ።

"ኪኒኑን አልዋጡም እንዴ?" አልኳቸው።

"ውጫለሁ እንጂ።"

"ታዲያስ?"

"ብዙ ጊዜ ይይዛል፣ አንዳንዴ አይይዝም" አሉና ሙዙን ገመጡ። "አሁን ተመልከቺኝ። ምን ሆንኩ?"

ተመለከትኳቸው። ምንም አልሆኑም፤ ሙዝ እየበሉ ነው። ሰው ካስመለሰው በኋላ ምን እንደሚመጣ በሕይወቴ አስቤው አላውቅም ነበር። ዓለም እዚያ ላይ የምትቆም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለካ ሙዝ አለ። ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ረዳቱ ምን ሆነው ነው ብሎ ዞሮ አየን።

አላማጣ ላይ ወረዱ። "እህትዎ የታለች?" አልኳቸው። "ቤቷ ቅርብ ነው፣ ትመጣለች። ሂጂ፣ እናትሽን ሳሚልኝ" አሉኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት አየኋቸው። ዘንቢላቸውን ይዘው በዚያ ሙቀት ብቻቸውን ቆመዋል፤ እስክንርቅ ድረስ እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ሐይቅ ደረስኩ። ስለ እናቴ እዚህ ብዙ አልልም። ምርኩዟን ጥላ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለረጅም ጊዜ እንዳየችኝ ብቻ ልናገር። ዛሬም አለች፤ ከዚያ ወዲህ ልጄን ይዤላት ሄጃለሁ፤ አቅፋታለች።

መቐለ ስመለስ ቤቴ ሳልገባ ወደ አግዳሚዋ ሄድኩ። አደይ ንግስቲ ጋዋናቸውን ለብሰው በቦታቸው ናቸው።

"አስመለሰሽ?" አሉኝ።

"አላስመለሰኝም።"

"ቢያስመልስሽስ ኖሮ?"

"ሙዝ ይዤ ነበር።"

ከባንኮኒው ጀርባ ሳቃቸውን ሰማሁት። "እህትዎስ እንዴት ናት?" ብዬ ስጠይቃቸው "ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች" አሉኝ።

ድኛለሁ አልልም። ወተት አሁንም አሸታለሁ፤ ኪኒንም ከቦርሳዬ አይጠፋም። የምውጠው ግን ስታመም፣ ወይም መንገድ ስወጣ ነው። ልጄ ሲያማት በር ላይ አልቆምም። ይህን ያደረጉልኝ አደይ ንግስቲ ናቸው፤ ስንቱን ሰው እንዲህ እንዳደረጉ ደግሞ ለቅሶው ላይ አየሁ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው መንገዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተሰናብቼ ልወጣ ስል ልጃቸውን ፍረወይኒን ጠጋ ብዬ፣ "የአላማጣዋ አክስትሽ የትኛዋ ናት? ሳላጽናናት አልሄድም" አልኳት።

"የምን አክስት?"

"የእናትሽ እህት። አላማጣ ያለችው።"

"እናቴ እኮ እህት የላትም፣ ሰዓዳ። አላማጣም ዘመድ የለንም" አለችኝ። አብረን መውረዳችንን ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እናቴ መኪና አይስማማትም። አንድ ቀን ጠዋት ወጥታ ማታ ተልፈስፍሳ መጣች፤ በማግሥቱ ከአልጋ አልተነሣችም። የት ነበርሽ ስላት 'ደንበኛዬን ሸኝቼ' አለችኝ። እኔ እኮ እዚሁ ቁሓ፣ ኤርፖርት ድረስ የሸኘች መስሎኝ ነበር።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሐሳቤ ያን መንገድ ሽቅብ ወጣሁት። እኔ ወደ እናቴ ስሄድ እሳቸው በአላማጣ ፀሐይ ወደ መቐለ የሚመለስ መኪና ሲጠይቁ፤ ያን ጠመዝማዛ፣ ምን እንደሚያደርጋቸው እያወቁ፣ እንደገና ሲወጡት ታየኝ። ግንባራቸውን ማን ያዘላቸው ይሆን? የቐንየለይ እንኳ ሳልላቸው፣ በአገራቸው ቋንቋ አመሰግናለሁ ሳልላቸው ቀረሁ።

ከለቅሶው በኋላ ወደ ሐይቅ ስወርድ ግራት ካሕሱ ላይ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ረዳቱን ፌስታል ለመነችው። ብቻዋን ናት። ተነሥቼ ሄድኩና ግንባሯን ያዝኩላት። ሲያልቅላት ቀና ብላ እያፈረች "እትዬ፣ ሐኪም ነሽ?" አለችኝ። አይደለሁም አልኳትና ከቦርሳዬ ሙዝ አውጥቼ ሰጠኋት።